የእናትሽን ቀዶ ሕክምና ማን ይሥራ

ሰኞ፣ ጥር 12

ለልጄ፣

«አባዬ፣ እማዬን አንተ እንዳትነካት። አንተ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ነህ፤ ይህ የጉበትና የሐሞት ቡድን ሥራ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከገባህ መቼም ይቅር አልልህም።»

እንዲህ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። መርፌ አያያዝ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። አሁን ሰው አገር ሄደሽ ስለ ጉበት ብቻ ስትማሪ፣ እኔ ከሩቅ «እንዳትነካት» የምባል ሰው ሆንኩ። ድሮ ሆድ ማለት ሆድ ነበር። ዛሬ ጉበቱ የአንዱ፣ አንጀቱ የሌላው ሆኖ እንደ መሬት ተሸንሽኗል።

ለማንኛውም የዛሬውን ስሚ። ጠዋት ስለ እናትሽ የቡድኑ ስብሰባ ነበር። የራጅ ሐኪሙ ፊልሙን አሳየን፤ ዕጢው ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቁን ደም ሥር ተጠግቶታል። ነክቶታል ወይስ አልነካውም በሚለው ላይ እሱና የካንሰር ሐኪሟ አልተስማሙም። በእኛ ክፍል ደግሞ ማንም አስተያየት ከመስጠቱ በፊት በምን ሥራው እንደተቀመጠ ጮክ ብሎ ይናገራል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ወንበር የሚያሞቅ ሰው አልወድም። ተራዬ ሲደርስ «ቀዶ ሐኪም» አልኩ።

የቡድኑ መሪ ተማሪዬ የነበረው ነው፤ እናንተ «ዝምተኛው» የምትሉት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬ የተቀመጡት በየትኛው ሥራዎ ነው?» አለኝ።

«ጆሮ የለህም? ቀዶ ሐኪም አልኩ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ይህን ቀዶ ሕክምና ለመጨረሻ ጊዜ የሠሩት መቼ ነው?»

ሆድ በየቡድኑ ከተከፋፈለ ወዲህ አንድም አልሠራሁም። ይሄኔ ያ ምላሳሙ ጓደኛዬ፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህንስ እኔ አደነዝዛታለሁ። አንተን ማን ያደነዝዝልኛል?» አለ። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ባሏ ነኝ» ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ቤተሰብ እዚያ ስብሰባ ላይ አይቀመጥም።

በቀጥታ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትሞርዳለች። ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እሰይ! ሆዴን ከፍተህ ነርሶቹ ላይ ስትጮህ ልትውል ነበር። ውጭ ቁጭ በል። ስነቃ ዶክተር ሞልቶልኛል፤ ባል ነው የምፈልገው።»

እሺ አልኳት። ሐሙስ ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ ውጭ እቀመጣለሁ። አንቺ ስላዘዝሽኝ ግን አይደለም።

አሁን የምጠይቅሽን ሳትሸፋፍኚ መልሺ። ፊልሞቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። «ዝምተኛው» ደም ሥሩ ተነክቶ ካገኘው፣ የተነካውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ሊገጥም አስቧል። አንቺ ብትሆኚ ትቆርጫለሽ ወይስ ሳትነኪው ሆዷን ዘግተሽ ትወጫለሽ? ለእሱም በግልባጭ ላኪለት፤ ለእኔ ብቻ ከነገርሽኝ ሄጄ ስጨቀጭቀው ነው የምውለው። ስልክ አትደውዪ። በስልክ ታባብይኛለሽ፤ አሁን የሚያባብለኝ አልፈልግም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «አባዬ፣ አንተስ እንዴት ነህ?» የሚል አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ።

እጆችሽን ይባርክልኝ፤ ከክፉ ይጠብቅልኝ።

መልስሽን በጽሑፍ እስከ ረቡዕ ቀትር እጠብቃለሁ። መምጣት የምትችይ ከሆነም የአውሮፕላኑን ሰዓት እዚያው ላይ ጻፊልኝ። ካልቻልሽም «አልችልም» ብለሽ ጻፊ፤ ሐሙስ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እንዳልል።

አባትሽ