የበቅሎዋ ባለቤት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1973

ሥራ ግማሽ ቀን ነበር። አሥራ አንድ ደብዳቤ በታይፕ መታሁ፤ ከሁሉም ግርጌ «ኢትዮጵያ ትቅደም»። ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አገኘሁ። ከሰዓት ከሰገነት ጋር ሐይቁ ዳር ወርደን ልብስ አጠብን። ውሃው ዝም ብሏል... ሰማዩ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ሰገነት እግሯን ነክራ «እማዬ፣ ከማዶ ምን አለ?» አለችኝ።

«ውሃ ነዋ» አልኋት። ከማዶ ያለችውን ቁንዝላን መጥራት ለምን ከበደኝ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ገበያ ጎመን እየመረጥሁ ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል ሰገነት መሬት ላይ... ያልታሰረች በቅሎ ረገጠቻት። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል። ሆስፒታል ጀሶ አደረጉላት። ሐኪሙ «ስታድግ እግሯ ሊያጥር ይችላል፤ ያኔ ሌላ ሕክምና ያስፈልጋት ይሆናል» አለኝ።

ፖሊሱ የበቅሎዋን ባለቤት ስም ሲመዘግብ ሰማሁ። አለበል፣ የቁንዝላው ሎሚ ነጋዴ። አሥር ዓመት በአፌ ያልጠራሁት ስም። የሰገነት አባት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሆስፒታል መጣ። ሸብቷል። እኔን ሲያይ በሩ ላይ ቀረ። «የብርጓል...» ብሎ ስሜን ጠራ። ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ ልጅቷን «ስንት ዓመትሽ ነው?» አላት። «ዘጠኝ።» በጣቶቹ ዓመቱን ቆጠረ።

ከሄደ በኋላ ሰገነት «የበቅሎዋ ሰውዬ ደግ ነው አይደል?» አለች። ትራሷን አስተካከልሁላት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሽማግሌ ላከ።

ያኔ ቁንዝላ፣ አክስቴ ቤት ሆኜ፣ «አርግዣለሁ» ስለው «ለሳምንት ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎኝ ነበር። ስንት ሳምንት በሩን አየሁ? ሆዴ ሲገፋ ባሕር ዳር መጣሁ። አሁን መጡ፤ ሁለት ጋቢ የለበሱ ሰዎች። ለበቅሎዋ።

«እንስሳ ናት፤ ሳይታሰብ የመጣ ነገር ነው። ይቅር በይው» አሉ።

«ይቅርታው ይሁን። እግሯ ነገ ቢያጥርስ? ፍርድ ቤት፣ በጽሑፍ ይሁንልኝ» አልሁ። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አቶ መርስዔ ኀዘን ዘንድ ሄድሁ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ። የቆሎ ተማሪ ነበሩ አሉ። የፍትሐ ብሔሩን መጽሐፍ በጋዜጣ ሸፍነውታል፤ እንደ ዳዊት እየተወዛወዙ ነው የሚያነቡት።

«እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል። አምልጦኝ ነው ቢልም» አሉ።

«አባቷ ማን ነው ቢሉኝስ?»... ይህን ለመጠየቅ በራቸው ላይ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አባቱ ላልታወቀ ልጅ እናቲቱ ብቻዋን አሳዳሪም ሞግዚትም ናት። ሕጉ ነው እንዲህ የሚለው፤ እኔ አይደለሁም።»

እናቲቱ ብቻዋን... በመንገዱ ዘንባባዎች ሥር ይህን በልቤ እያልሁ ሄድሁ። ቤቴን አልፌው መሄዴን ያወቅሁት ሐይቁን ሳየው ነው። ዘጠኝ ዓመት ውርደቴ ነው ብዬ የተሸከምሁት ነገር መጽሐፍ ላይ ሥልጣን ሆኖ ተጽፎ ኖሯል። ለምን ማንም አልነገረኝም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አለበል ከሥራ ስወጣ ጠበቀኝ።

«እግዜር ልጅ አልሰጠኝም፤ ሚስቴም አልወለደች። ልጄ ናት ብዬ ቃሌን ልስጥ። ቁንዝላ ወስጄ ላሳድጋት።»

የበቅሎህን ጥፋት ባንድ ቀን አመንህ፤ የራስህን ለማመን አሥር ዓመት? ይህን አላልሁትም። አሁን ነው የጻፍሁት። ያልሁት «ላስብበት» ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

«ሊወስድብኝ ይችላል?» አልኋቸው አቶ መርስዔ ኀዘንን፤ ሳልቀመጥ።

«ልጄ ናት ቢልም፣ አንቺ እውነት ነው ብለሽ ካልተቀበልሽው ቃሉ አይጸናም።»

«ከተቀበልሁስ?»

«አባት ይሆናላ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲያ ብቻሽን አትወስኚም።»

አርብ፣ ኅዳር 5

ሊነጋጋ ሲል ሕልም አየሁ። ሰገነት ታንኳ ላይ ተቀምጣለች፤ የሚቀዝፈው ሰው ጀርባውን ሰጥቶኛል። ውሃው ነጭ ነው፣ እንደ ወተት። ልጠራት አልሁ... በማን ስም? ትምህርት ቤት ያስመዘገብኋት በአባቴ ነው፤ ሰገነት ክንዱ። አፌን ከፍቼ ነቃሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ለአለበል ነገርሁት። «መጀመሪያ ትወቅህ። እሑድ እሑድ ና። የወረቀቱን ነገር እሷ ካወቀችህ በኋላ እናያለን። ከቤቴ ግን አትወጣም።»

«ማን መሆኔን ትነግሪያታለሽ?»

«የበቅሎዋ ጉዳይ ይለቅ። ከዚያ እነግራታለሁ።»

«እሺ» አለ። እሺ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ፍርድ ቤት ዋልን። አለበል ቆሞ «በቅሎዋ የእኔ ናት፤ ላጠፋችው እኔ እጠየቃለሁ። ወደፊትም የልጅቷ እግር ሕክምና ቢፈልግ እኔ አሳክማለሁ» አለ። ተጻፈ፤ ፈረመ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «የልጅቷ አሳዳሪ ማን ነው?» አሉ። አለበል አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ። ብቻዬን» አልሁ። ያም ተጻፈ።

ስንወጣ ከሰገነት ጋር ቀስ እያልን ወደ ሐይቁ ወረድን፤ እሷ በምርኩዟ፣ እኔ ቦርሳዋን ይዤ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ነገርኋት። ሁሉንም አይደለም፤ የበቅሎዋ ሰውዬ አባቷ መሆኑን።

ምርኩዟን ድንጋዩ ላይ አጋደመች።

«እስካሁን የት ነበር?»

«ቁንዝላ።»

«ሩቅ ነው?»

«በጀልባ የሚደረስበት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልመጣም?»

«እሑድ ሲመጣ ራስሽ ጠይቂው።»

«እጠይቀዋለሁ» አለች።

ትጠይቀዋለች። እኔ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።