ከባልሽ በርሜል የተቀዳው

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ሳልሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ንዴቱ ብቻ ነው። ትሪሽን ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ የጓሮዬን ሩባርብ ከትፌ ኬክ ጋግሬበታለሁ። ከኬኩ ሥር ይህን ደብዳቤ ስታገኚ ባልሽ ቨርጂል ፊት እንዳታነቢው። አንብበሽ ስትጨርሺም ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

ባልሽ ያደረገኝን የሰማሽው ከእሱ አፍ ነው፤ አሁን ደግሞ ከእኔ ስሚ። ስንዴ ስዘራ ትራክተሬ መሀል ማሳ ላይ ቀይ መብራት አበራና እንደ ኤሊ መጎተት ጀመረ። የጭስ ማጣሪያው ነው። ያ ዕቃ ሲበላሽ ሞተሩ ጉልበቱን ይነሳሻል፤ ብትለምኚው አይሰማ፣ ብትሰድቢው አይሰማ። ጋራንቲው ገና አላለቀም፣ የሸጠልኝም የእህቴ ባል ነው ብዬ ልቤን ሞልቼ እስከ ሱቁ አስጎተትኩት።

ቨርጂል ከፍቶ አየና ጋራንቲው ይህን አይሸፍንም አለኝ። ማጣሪያው የሚጠጣው ፈሳሽ ውሃ ገብቶበታል፣ ጥፋቱ የራስሽ ነው አለ። ኧረ ፈሳሹንም የምቀዳው ከአንተው በርሜል ነው ብለው፣ ደረሰኝሽን አምጪ አይለኝም! እዚህ አገር ከአማቹ በርሜል ቀድቶ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጄሪካናችንን ሞልተን፣ በመስኮት እጃችንን አውለብልበን ነው የምንሄደው። እሱ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ያ ሁሉ ገበሬ ተሰብስቦ በተቀመጠበት፣ ሟቹ ባሌ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ያለ የሴት ስህተት አይሠራም ነበር አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ጎረቤቴ ኦርቪል እንኳ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ሳቀ። በማግስቱ ደግሞ ፈሳሹን ወስጄ እንዳላስመረምር የበርሜሉን ቤት ቆለፈው።

እህቴ፣ አንጀቴ አረረ። ግማሹ ማሳዬ ሳይዘራ ዝናቡ ቀደመኝ። ዘንድሮ ካላመረትኩ የአባታችንን መሬት ማከራየቴ ነው። ሊከራየው ያሰፈሰፈውም ማን መሰለሽ? ራሱ ቨርጂል! እንዲያውም የእርሻውን ወጪ ልቀንስልሽ ብሎ አዘነልኝ። አፈር ያስበላው!

ከዚያ ያ ትሪ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በረንዳዬ ላይ በፎይል ተሸፍኖ አገኘሁት። አንዷ ጎረቤት አዝናልኝ ጣፋጭ ያስቀመጠችልኝ መስሎኝ ነበር። ስገልጠው የጃም ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያ የተቆለፈበት ፈሳሽ። ማን እንዳመጣው የሚናገር ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ትሪውን ብገለብጠው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ምሳ ስንወስድ እንዳይጠፋ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ ስምሽ ፕላስተር ላይ ተጽፎ ተለጥፎበታል። አይ አንቺ! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ፕላስተሩን ላጥኩና እሳት ውስጥ ጨመርኩት።

ጠርሙሱን ከእኔ ትራክተር ከወጣው ጋር ላቦራቶሪ ላክሁት። ሁለቱም አንድ ናቸው። ባልሽ በርሜሉን በቧንቧ ውሃ እያበዛ ነው የሚሸጥልን! ውጤቱን ይዤ የጋራንቲውን ክልከላ ለትራክተሩ ፋብሪካ ጽፌ ተቃወምኩ፤ እነሱም መርማሪ እንልካለን አሉኝ። ሰውየው ሳይናገር ነው የሚመጣው፣ ቅዳሜ፣ ያ ቨርጂል ለደንበኞቹ የሚያዘጋጀው የፓንኬክ ድግስ ላይ። ባልሽ ሽርጡን ታጥቆ ገበሬውን ሁሉ ሲያበላ፣ እዚያው ሰው ፊት በርሜሉን አስከፍቶ ይቀዳል። ኦርቪልም ሲስቅብኝ የከረመው ራሱ ውሃ እየገዛ መሆኑን ያያል። እኔ ከፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንገቱን ሲደፋ ማየት እፈልጋለሁ፣ እህቴ፤ የፋብሪካው ምልክት ሰሌዳ ከሱቁ አናት ላይ ሲወርድ ማየት እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከጸሎቴ በላይ የማስበው ይህንን ነው።

ማን ቀዳልሽ ሲሉኝ ጓጉንቸሩን ሰብሬ ራሴ ሰረቅኩ እላለሁ። ሌባ ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም። ቨርጂል ግን ሞኝ አይደለም፤ የበርሜሉ ቤት ቁልፍ የሚሰቀለው እናንተ ቤት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ እዚያ ቤት እንዳትገኚ። ዓርብ ከመዘምራን ልምምድ ስትወጪ መኪናዬ ደጅ ላይ ይቆማል። ሻንጣ አትያዢ፤ የሚሆንሽ ልብስ እኔ ጋ ሞልቷል።

እምቢ እንዳትዪኝ። በፋሲካ ዓይንሽ አብጦ መጥተሽ፣ ጓዳ ስገባ በሩ መታኝ ብለሽኝ ነበር። እኔም ያመንኩ መስዬ አለፍኩት። የአንቺ ጓዳ በር የለውም፤ መጋረጃውን የሰፋሁልሽ እኔ ነኝ። የትራክተሩ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እመኚኝ፣ ይቅር ብዬው ነበር።

እስከ ዓርብ ፈጣሪ በእጁ ይያዝሽ፤ የቨርጂልን እጅ ከአንቺ ያርቅልኝ።

የምትጠብቅሽ ታላቅ እህትሽ