ከስክሪኑ የመለሰችልኝ ቤዛዊት

ልጄ ቤዛዊት፣ መድኃኔዓለም በሰው አገር ከፊትሽ ይቅደም፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ፣ ተመስገን፣ ደህና ነን። ክረምቱ በርትቷል። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎት ሐሙሲት ገበያ ደርሶ መጣ።

በቀደም መሥሪያ ቤት ሥልጠና አለ ተብለን አዳራሽ ገባን። ስክሪኑ ሲበራ የምታሠለጥኚን አንቺ ነሽ። ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እልል ልል ነበር። ግን ትንፋሽ ሳትወስጂ፣ ዓይንሽን ከእኔ ሳትነቅዪ ስትናገሪ ቆየሽ። አለቃችን አቶ እንዳልካቸው ፈራ ተባ እያሉ፣ «እሷ አይደለችም። የምትሠራበት ድርጅት ከመልኳና ከድምጿ ያበጀው ምስል ነው፤ ሲጠይቁት ይመልሳል» አሉኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ስመኝ፣ «እስቲ ጠይቂያት» ብላ ማይኩን ሰጠችኝ።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አልኩ።

ፈገግ ብላ፣ በራስሽ ድምፅ፣ «ደህና ነኝ፣ እማዬ» አለችኝ።

ሰው ሲያጨበጭብ እኔን ብርድ ብርድ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ደውለሽ «ደህና ነኝ» ስትዪኝ ልቤ አያርፍም። ያቺ የስክሪኗ ሴትዮ ድካም የሚባል አታውቅም። እባክሽ ልጄ፣ ሲደክምሽ ደክሞኛል በዪኝ።

አምላክ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እናትሽ ደሳለች