እትዬ ለመሆኑ፦ የሰውን ሆድ ሲጠይቁ የኖሩት እናታችን

እናታችን ሚያዝያ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. ሰዓት ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው፣ ከማተሚያ ቤት ጀርባ በነበረች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። በፊተኛው ክፍል አባታቸው አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ እናታቸው የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ሲውሉ፣ ለደንበኛ ወንበር አቅርበው የሚያጫውቱት እናታችን ነበሩ። «ለመሆኑ ልጅዎ ተሻለው? ለመሆኑ ቤቱን ለቀቁላችሁ?» ይላሉ። አባታቸው ይህን እየሰሙ «እኔ የሰዓቱን ሆድ እከፍታለሁ፣ እሷ የባለቤቱን» ይሉ ነበር። «እትዬ ለመሆኑ» የሚለው ስም ከዚያች ክፍል ወጥቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከትሏቸዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ከጨረሱ በኋላ የታይፕ ስልጠና ወስደው፣ በ1964 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ ሆስፒታል መዝገብ ክፍል በታይፒስትነት ተቀጠሩ። በ1967 ዓ.ም. ከአባታችን ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አባታችን ማለዳ ማለዳ ወደ ሥራ የሚያደርሳቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ስለ ትዳራቸው ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «በዚያ ሁሉ ዘመን ቁርስ በልተህ ነው ወይ የወጣኸው ብላ የጠየቀችኝ ተሳፋሪ አንዲት ብቻ ናት። ምን ላድርግ፣ አገባኋት።» አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. ሆስፒታሉ አንድ የጥናት ክፍል አቋቋመ። ሥራው የሰዎችን ደስታ፣ ጭንቀትና ብቸኝነት በጥያቄ መለካት ነበር። እናታችን ወደዚያ ተዛውረው ጠያቂዎቹ ከየቤቱ የሚያመጡትን መልስ በታይፕ ይገለብጡ ጀመር። ቅጹ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የደስተኝነት ስሜት ምን ያህል ተሰምቶዎታል?» ይላል፤ መልሱም ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ነው። የጡብ ፋብሪካው ተዘግቶ ብዙ ሰው ሥራ ከፈታበት ሰፈር የመጣው መልስ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆነ፦ ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ። ሰፈሩ ደስተኛ ከሆነ ደግሞ ለነዋሪው የተከፈተችው የምክር አገልግሎት ክፍል በዓመቱ መጨረሻ ትዘጋለች ተባለ። እናታችን ነገሩ ከነከናቸው። ግን ታይፒስት ናቸው፤ የተጻፈውን ገለበጡ።

በዚያው ዓመት አባታችን በሚነዱት አውቶቡስ አንድ እግረኛ ተገጨ። ሰውየው ተረፈ፤ አባታችንም ጥፋት የለባቸውም ተብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ማታ ሲገቡ እናታችን «ደህና ነህ?» ይላሉ፣ አባታችን «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ራት ይቀርባል። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናታችን ልብስ ሊያጥቡ ሲለዩ የባላቸውን የሥራ ሸሚዝ አነሱ። ወትሮ በጭስና በመሪ ቅባት የሚጠቁረው እጅጌ ንጹሕ ነው። ሸሚዙን ይዘው ወደ ሳሎን ገቡና ከአባታችን ፊት ተቀመጡ።

«ትናንት ከዚህ ቤት ከወጣህ ጀምሮ እስክትመለስ ምን ምን አደረግህ? አንድ በአንድ ንገረኝ» አሏቸው።

አባታችን ሸሚዙን ተቀብለው እጅጌውን አዩት። ከዚያ ተናገሩ። አውቶቡሱ ላይ ወጥተው መሪውን ሲጨብጡ ያ የተገጨው ሰው ይታያቸዋል፤ ሞተሩን አጥፍተው ይወርዳሉ። አለቃቸው አዝነውላቸው ለሰው ሳይናገሩ መለዋወጫ ዕቃ ክፍል አስገብተዋቸዋል። እዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም፣ ሰባቱንም ወር።

«ታዲያ ለምን ደህና ነኝ ትለኛለህ?»

«ምን ልበልሽ? ደህና ነህ ወይ ነው እኮ የምትዪኝ።»

እናታችን በኋላ ሲያስታውሱት፣ በትዳራቸው ውስጥ እንደዚያ ቀን ያፈሩበት ጊዜ አልነበረም። ሰው ሁሉ ሆዱን ይከፍትልኛል ሲሉ የኖሩት ሴት የገዛ ባላቸው ሆድ ተዘግቶባቸው ከርሟል።

ሰኞ ጠዋት የጡብ ሰፈሩን ቅጾች አቅፈው የጥናት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ገቡ። ታይፒስት ሳይጠራ የሚገባበት ስብሰባ አልነበረም። የጥናቱ ኃላፊ፣ ቁጥብና ትሑት ሐኪም፣ ሰምተዋቸው ሲያበቁ «ወይዘሮ፣ እነዚህ ጥያቄዎች በሺህ በሚቆጠር ሰው ላይ ተሞክረው የተረጋገጡ ናቸው» አሏቸው።

«ጥያቄው ልክ ይሆናል ጌታዬ» አሉ እናታችን። «ግን ሰላምታ ይመስላል። ሰላምታ ለሰጠው ሰው ደግሞ ማን ጉዱን ይዘረግፋል?»

አንድ ሰው ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቁም። ከዚያው ሰፈር አርባ ቤት በራሳቸው መንገድ እንዲጠይቁ ሦስት ሳምንት ሰጧቸው። እናታችን «የፈቀዱልኝ አምነውኝ አይደለም፣ አፍሬ እንድመለስ ነው» ይሉ ነበር፤ ኃላፊው ግን እስከ መጨረሻው «ሐሰት ነው» ብለው ይሟገቷቸው ነበር።

እናታችን እነዚያኑ ቤቶች አንኳኩ። የትናንቱን ቀን ከመነሻው አስጀምረው፣ በየሰዓቱ የት እንደነበሩ፣ ከማን ጋር እንደነበሩ ጠየቁ። «የደስተኝነት ስሜት» የሚለውን ትተው ሰው በሚናገርበት ቋንቋ «ያኔ ሆድ ብሶዎት ነበር? ቅር ብሎዎት ነበር? ወይስ ፈታ ብለው?» አሉ። ቀድሞ «ሁልጊዜ ደስተኛ ነኝ» ካሉት ሠላሳ አንድ ሰዎች አሥራ ዘጠኙ ትናንት ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገሩ የዋሉ ሆነው ተገኙ። አንድ የቀድሞ ጡብ ሠራተኛ በየማለዳው የሥራ ጫማውን ወልውሎ በር ላይ ያስቀምጥና ተመልሶ ይተኛል። በአንጻሩ ኑሮዋን ስታማርር የነበረች አንዲት ጽዳት ሠራተኛ፣ ከጓደኛዋ ጋር በእግር የምትመለስበትን ግማሽ ሰዓት ስታወራ ፊቷ በርቶ ሌላ ሰው ሆነች። አንዲት አሮጊት ደግሞ ለቀናቸው ከአሥር ስንት እንደሚሰጡ ሲጠየቁ «አሥር ከአሥር ያመጣ ተማሪ ኮርጇል ይባላል፤ ሰባት በዪልኝ» አሉ።

ኃላፊው ሁለት ቀን ሙሉ ቢሯቸውን ዘግተው አነበቡት። በሦስተኛው ቀን ከእናታችን ጠረጴዛ አጠገብ መጥተው ቆሙና «ታይፑን ለሌላ ሰው ያስረክቡ» አሉ። እናታችን ተባረርኩ ብለው ክው አሉ፤ ባላቸው መንዳት ትተዋል፣ ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው። ኃላፊው ቀጠሉ፦ «ከነገ ጀምሮ ከጠያቂዎቹ ጋር ይወጣሉ። ቅጹን አብረን እንደገና እንጽፈዋለን።»

የምክር ክፍሏ ሳትዘጋ ቀረች። አባታችንም ሐኪም ዘንድ ቀርበው ቀስ በቀስ ተሻላቸው። መሪ ግን ዳግመኛ አልጨበጡም፤ በስምሪት ተቆጣጣሪነት ሠርተው በክብር ጡረታ ወጡ፣ በ2008 ዓ.ም. ዐረፉ።

እናታችን በ2000 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሁለት መቶ በላይ ጠያቂዎችን አሠልጥነዋል። ተናጋሪው ሳይጨርስ አይዞህ አትበሉ፣ አይዞህ አፍ ይዘጋል ይሉ ነበር። ሰው ሲያለቅስ እስክሪብቶ አስቀምጡ፤ እንባ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ቁጥሩን አትናቁት፣ ግን ከሰውየው አታስበልጡት።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ለልጆቻቸው አስቸጋሪ እናት ነበሩ። በቤታችን «ምንም አልሆንኩም» ማለት አይቻልም ነበር። የራሳቸውን ሲጠየቁ ግን ጨዋታ ይቀይራሉ። አባታችን ካረፉ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ሐዘናቸው አልተናገሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ ልጃቸው ሳህን እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታ ሳለ «ከሰዓት በኋላ ይከብደኛል» አሉ። ልጃቸው ሳህኑን አስቀምጣ ዝም ብላ ሰማች፤ እስኪመሽ አወሩ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በጉበት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ነርሷ ሕመማቸው ከአሥር ስንት እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ስድስት ነው፤ ግን የእኔን ተዪውና አልጋ ቁጥር ዘጠኝ ያለችውን ልጅ አነጋግሪያት። ከትናንት ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች» አሉ። ነርሷ ሄደች። ያቺ ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሽሏት ወጣች፤ ዛሬ ከመካከላችን አለች።

እናታችን በሕክምናም በቤተሰብም ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና ሁለት ወንድሞች፣ እንዲሁም እናቴ የሚሏቸውን ብዙ የሥራ ልጆች ትተዋል።

ሳይጠይቅ የሁሉን ልብ የሚያውቅ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ። ለእኛም የሚያጽናና ብቻ ሳይሆን የሚሰማም ሰው አያሳጣን።