«ቢዚ» የምትባለው ቃል አጎቴ የሞተ ቀን የት ሄዳ ነበር?

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አሳምነው፣
የሳን ሆዜና አካባቢዋ ዕድራችን ሊቀመንበር፤
ካስትሮ ቫሊ

ጤናዎ እንደ ጓሮዎ ሎሚ ዓመቱን ሙሉ እንደለመለመ፣ ስልክዎም እንደ ልማዱ ሳይነሣ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

«የቢዚ አባላትን ጊዜ በውሸት ሐዘን ስላባከንክ፣ እሑድ ቀርበህ ይቅርታ ካልጠየቅህ ከዕድሩ ትሰረዛለህ» የሚለው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጥፋቴን አልክድም፤ ኖሮኝ የማያውቅ አጎት ገድያለሁ። ነገር ግን ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ስለሆነ «ቢዚ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቅጽል ከብዳኛለች። የጎልማሶች ትምህርት ቤት አስተማሪዬ «ሥራ የበዛበት» ማለት ናት ብትለኝም፣ ከእናንተ የተማርኩት ሌላ ስለሆነብኝ፣ እንዲያርሙኝ ከዚህ በታች በትሕትና አቀርበዋለሁ።

፩ኛ፦ በሚያዝያ ትኩሳት ጥሎኝ አራት ቀን ስተኛ ብደውልልዎ ቢዚ እንደሆኑ ነገሩኝ። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመትዎ ነውና ቃሏ ለጡረተኛም እንደምትሆን ያን ቀን አወቅሁ፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ጸሐፊያችን እትዬ አስካለማርያም፣ ቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ ተራርቆ ሳለ፣ «አሁን ቢዚ ነኝ፣ ኮል አደርግልሃለሁ» ካሉኝ አሥራ አንድ ወር ሞላ። «አሁን» የሚለውንም ቃል እግረ መንገድዎን ቢተረጉሙልኝ።

፫ኛ፦ ክፍል የምንጋራው ሀምዛ፣ እኔ ሚልፒታስ ከተማ ከምሠራበት ፋብሪካ ስገባ እሱ ወደ ሥራው ይወጣል። እሱ የእውነት ቢዚ ስለሆነ ከክሱ ይውጣልኝ።

፬ኛ፦ ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ በዕድሩ ግሩፕ «አጎቴ ሞተ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አርባ አንድ ሰው ገባ፤ ጫማው ደረጃውን ሞላ፤ እርስዎም ያን ሁሉ ትራፊክ ሰንጥቀው ሰፈሬ ካሉት ቀድመው ደረሱ። በትኩሳቴ ጊዜ የጠፋው ሾርባ በሦስት ድስት መጣ። እትዬ አስካለማርያም ሟቹ በምን እንደሞተ ሲጠይቁኝ አስቤበት ስላልነበር «በስኳር» አልኩ፤ አምርረው አለቀሱለት። እርስዎ ደግሞ እጄን ይዘው «አይዞህ ልጄ፣ እኛ እያለን ብቻህን አይደለህም» አሉኝ። ያኔ እኔም አለቀስኩ፤ ያ እንባ ውሸት ስላልነበር ከክሱ ቢቀነስልኝ።

እትዬ አስካለማርያም ደሴ ድረስ ደውለው፣ ለእናት ለአባቷ አንድ የሆነችውን እናቴን ስለ ወንድሟ ሞት ባያጽናኗት ኖሮ፣ አጎቴ እስከ ዛሬ በክብር እንደሞተ ይቆይልኝ ነበር።

አርባ አንዱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሬሳ ከሌለ ያ «ብቻህን አይደለህም» ያሉኝ ንግግርዎ ይሻር እንደሆነ ግን በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

ውድ ጊዜዎን ለዚህች ደብዳቤ ስላባከንኩ ለሁለተኛ ጊዜ ጥፋተኛ የሆንኩት፣
ታዛዥዎ፣ አጎት የለሹ ማቲዎስ
ሳን ሆዜ

ማሳሰቢያ፦ እሑድ እኔ ከምመጣ እናንተ ብትመጡ ይቀላል፤ ቤቱን አርባ አንዳችሁም ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ አለሁ። ማንም አልሞተም።