ከነኢማ ማንቆርቆሪያ ስለሸሸው እጅህ

ለወንድሜ ለዛኪር፣ አቦምሳ

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? የእህል መጋዘንህስ? ይህን ሁሉ የጠየቅኩህ የማታው መምህራችን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ስላሉን ነው። በእኔ ቢሆን ቀጥታ ወደ ጠቡ ነበር የምገባው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አንተ ግን አልናፈቅከንም።

ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ጎረቤት አጽፋ ነው ብለህ እንዳትደክም። አንቺ ፊደል ከምትለዪ በሬ ቢያነብ ይቀላል ብለኸኝ ነበር። እንግዲህ በሬው አንብቦ፣ ጽፎ፣ ከአሥራ ሰባት ተማሪ ሁለተኛ ወጥቷል። አንደኛ የወጣችው አሰፋች ናት፤ እሷም አጠገቤ ስለተቀመጠች ነው። ስልክ ብደውል ትዘጋብኛለህ፤ ወረቀት አይዘጋም።

ጽዳቱንም ትቻለሁ። ስጠርገው በኖርኩት ትምህርት ቤት፣ ልጅህ ነኢማ በምትማርበት በልዩ ፍላጎት ክፍል፣ ረዳት ለመሆን እየሰለጠንኩ ነው። የመጀመሪያ ቀን የአሥራ አንድ ልጅ ጫማ አሰርኩ፣ ቁልፍ ቆለፍኩ፣ አፍንጫ ጠረግኩ፤ ሻይ ሳይፈላ ጨረስኩ። እንደኔ ያለ ሠራተኛ አሰላ አይታ አታውቅም ብዬ ምስጋና ስጠብቅ፣ አሰልጣኛችን መምህርት ተናኘወርቅ፣ «ፋይዛ፣ ዛሬ የአሥራ አንድ ልጅ ሥራ ሰረቅሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲታገል እጄን ወደኋላ አጣምሬ እንድቆም አዘዙኝ። የእጁን ቻልኩት፤ አፌን ዝጊ ቢሉኝ ኖሮ ሥልጠናው በዚያው ቀን ያበቃ ነበር።

እናቷ ካረፈች ወዲህ እኛ ላይ ጥለሃት አቦምሳ ሌላ ቤት ያቆምክባት ልጅህ፣ በዚህ ዓይነት ካልሲዋን ራሷ መልበስ ቻለች። ቀጥላ እንግዳ ማስታጠብ ተማረች። ሳህኑን በግራ፣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ ይዛ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ታፈሳለች። ሰው አትዘልም። እጁን ያልዘረጋ ካለ እስኪዘረጋ ፊቱ ትቆማለች።

ታላቅ እህቷን አስያን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ቀን ነኢማን ጓዳ አስገቢያት አልከኝ። አስገባኋት፤ ጥፋቴን አልክድም። ቁልፉን ግን አልነካሁም። የእንግዳ ድምፅ ሰማች፤ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ታውቃለች። ወጣች። ከአባ ቱሳ ጀምራ አምስቱንም ሽማግሌ ስታስታጥብ ጠብታ መሬት አልነካም። አንተ ጋ ስትደርስ እጅህን ጉያህ ውስጥ ሸጉጠህ፣ የጎረቤት ልጅ ናት አልክ።

ዛኪር፣ ልጅቷ አትናገርም እንጂ ትሰማለች። ውሃውን እንደያዘች ፊትህ ቆማ ቀረች። እኔም ሥልጠናዬን ረስቼ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ቀምቼ ወደ ጓዳ መለስኳት። ይህን ለመምህርት ተናኘወርቅ እስካሁን አልነገርኩም። በማግስቱ ጠዋት ካልሲዋን ሰጠችኝና እንዳለብሳት እግሯን ዘረጋችልኝ። የሦስት ወር ልፋቷን አንተ በአፍህ፣ እኔ በእጄ ወሰድንባት።

አሁን ደግሞ ከኒካሁ በፊት ከትምህርት አስወጪያት፣ ጎበሳ ያለችው አክስታችን ጋ ትሰንብት ብለህ መልእክት ሰደድክ። አላስወጣትም። ጋብቻው ይፈርሳል ብለህ ከሆነ፣ አባ ቱሳ ገበያ አግኝተውኝ ያቺ ጎረቤታችሁ ደህና ናት ወይ ብለው ሳቁ። አፍንጫዋን ያየ ሰው የማን ጎረቤት እንደሆነች ለማወቅ የማታ ትምህርት አያስፈልገውም። ሰዎቹ በቃላቸው እንደጸኑ ናቸው። ያን አፍንጫ ይዘህ ገበያ መሀል ስትዞር አፍረህ የማታውቅ ሰው፣ በልጅህ አፈርክ።

ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ ብለሃል። ና። ምሳ ሠርተን እንጠብቅሃለን። ነኢማ ዛሬ የግራ እግሯን ካልሲ ራሷ ለበሰች፤ ቀኙ ይቀራታል። ቅዳሜ ውሃውን ይዛ ወደ አንተ ትመጣለች። እጅህን ካልዘረጋህ ፊትህ ትቆማለች። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እናታችን ትቆጣለች፣ ሾፌርህ ዲሪባ ውጭ ጥሩምባ ይነፋል። እኔ መሀል አልገባም። እጄን ወደኋላ አጣምሬ ግድግዳው ጋ እቆማለሁ፤ እስኪመሽም ቢሆን።

ለሚስትህ ለሀሊሜ ሰላም በልልኝ፤ እሷ አላስቀየመችኝም። ትንሹን ቶፊቅን ሳምልኝ፤ አፍንጫው ላይ። አስያ ሰላም ብላሃለች። እናታችንም ሰላም ብላሃለች፤ ሌላም ብላለች፣ እሱን መጻፍ ገና አልተማርኩም። የአንተን ሰላምታ ግን እዚሁ ይዤዋለሁ፤ ቅዳሜ እጅህ ከረጠበ በኋላ ትወስደዋለህ።

በአውራ ጣቷ ሳይሆን በስሟ የፈረመች እህትህ፣
ፋይዛ

አሰላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.