በጉንጬ የሰማሁት ጥሪ

ይድረስ ለውድ እናቴ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ያ እንቅልፍ የሚነሳሽ ሳል ለቀቀሽ? እኔ በእግሬ ቆሜ እሠራለሁ፣ በልቼ አድራለሁ፤ ከጆሮዬ በቀር የጎደለኝ የለም። ታናሽ እህቴ ይህን ስታነብልሽ እያለቀሰች መስመር እንዳትዘልብሽ ተቆጪያት።

ባለፈው ስትደውዪ "አለሁ እማዬ" ብዬ ብቻ ስለዘጋሁብሽ ተቀይመሽኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የክር ፋብሪካው ጩኸት ጆሮዬን ቀስ በቀስ ሲበላው ቆይቶ ክረምቱ ሳይገባ ጨረሰው። ሥራ ላይ አልቸገርም፤ እዚያ ማንም ማንንም ስለማይሰማ ሁላችንም የምናወራው በከንፈር ነው። ክር ሲበጠስ በጣቴ፣ ማሽን ሲታመም በእግሬ ሥር ባለው ወለል አውቃለሁ። የተቸገርኩት ቤቴ ውስጥ ነው። ባሌ ሊያማኝ ሲፈልግ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ መሆኑን አያለሁ፤ በምን እንደሚስቅ ግን አላውቅም።

እሑድ እሑድ ግን ደግ ይሆንልኝ ነበር። ስልኩን ነካክቶ ጆሮዬ ላይ ያደርግልኝና፣ "እናትሽ ናት፤ አንቺ ባትሰሚያትም እሷ ትሰማሻለች፣ አውሪያት" ይለኛል። እኔም ለሰው የማይነገረውን ሁሉ ሆዴን ዘርግፌ አወራሽ ነበር።

አንድ እሑድ እህቱና ጎረቤቶች ተሰብስበው ሳለ እንደ ልማዱ ስልኩን ሰጠኝ። "ጉልበትሽን በሞቀ ውኃ ዘፍዝፊው" እያልኩሽ፣ ስልኩ ጉንጬ ላይ ነዘረ። ደንግጬ አየሁት። የምትደውዪው አንቺ ነበርሽ። ለካ መስመሩ ላይ ማንም አልነበረም። ለካ አንድም ቀን ሰምተሽኝ አታውቂም። ቀና ስል እህቱ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። አንዱ ጎረቤት ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ ምቱ እስከ ክርኔ ይመጣል። ልጄም ትስቃለች፣ ከሁሉም አብልጣ።

"ምን አለበት? ቀለል ይልሽ የለ!" አለኝ ባሌ። ያን ጊዜ ፊቱን አላዞረም። ስልኩን አንስቼ ያቺን "አለሁ እማዬ" አልኩሽና ድምፅሽ መዳፌ ውስጥ ሲነዝር ይዤው ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ዘጋሁት። ልብሴን በፌስታል አድርጌ የልጄን እጅ ብይዝ መነጨቀችኝ። ብቻዬን ወጣሁ።

አሁን ከጎኔ የምትሠራው፣ "ቀጭኗ" የምንላት ሴት ዘንድ ነኝ። ስታዋራኝ መብራቱ ሥር ትቀመጥልኛለች። ከእንግዲህ በእሱ ስልክ አትደውዪ። ደግሞ ነግሬሻለሁ ብዬ የማስበው ሁሉ እንዳልደረሰሽ ገብቶኛልና ይኸው ልድገመው፦ ክረምት ላይ አርግዤ ነበር፣ ወረደብኝ። አጽናኚኝ ብዬሽ ነበር፤ እነሱ ናቸው የሰሙት።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ ታናሽ እህቴን ከነኩርፊያዋ፣ ግድግዳ ተጋሪያችንንም ሰላም በይልኝ። ልጄን አንዳንዴ ትምህርት ቤቷ በር ላይ አገኛታለሁ። ትናንት "ለአያትሽ ምን ልበልልሽ?" ብያት ነበር። አፏን በእጇ ሸፍና የሆነ ነገር አለች። የፊት ጥርሷ ስለወለቀ አፍራ ይሁን፣ አባቷ አስተምሯት ይሁን፣ መለየት አልቻልኩም። አንቺ ግን ሰላምታ ነው ብለሽ ተቀበያት።

ልጅሽ
ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከቀጭኗ ቤት
ጥቅምት ፲፩ ቀን